ቅምሻ፦ በሰሜን ግርጌ ቀምሶና ፈትኖ የመግዛት ልማድ

የሰሜን ተራሮች አገር በታሪክ በተነሣ ጊዜ ቀድሞ ትዝ የሚለው ጦርነቱና ዘውዱ ነው፤ ይኸውም ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ድል የተነሡባት፣ ደጃዝማች ካሣም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ቅብዐ መንግሥት የተቀቡባት ምድር በመሆኗ፣ ብዙዎቹ ጸሐፍት ዐይናቸውን ከተራራው ራስ ላይ ስለ ተከሉ በግርጌው ያለውን የገበያ ኑሮ በስፋት አልጻፉለትም። ነገር ግን ከጎንደር ተነሥቶ የወገራን የገብስ ሜዳ የሚያቋርጠውን፣ ዳባትንና ደባርቅን አልፎ በሊማሊሞ ገደል ወደ ተከዜ ቆላ የሚወርደውን ጎዳና ለብዙ መቶ ዓመታት ሲያቀና የኖረው ሠራዊቱ ብቻ አይደለም፤ ይበልጡን ሲራራ ነጋዴው ነው። ይህም ነጋዴ በአገርም በሃይማኖትም ከማይመስለው ሰው ጋር ዳኛ ሳይሰየምና ውል ሳይጻፍ ዕቃ ሊለዋወጥ የቻለው፣ ከመግዛት አስቀድሞ በነፃ የመቅመስና የመፈተን ልማድ በመካከላቸው ስለ ቆመ ነው። ልማዱ ከአገራችን ታላላቅ ሥርዐቶች ተርታ ሊቆጠር ይገባዋል ብዬ ስለማምን፣ አካሄዱን ከጥንት እስከ ዘመናችን ድረስ ልከተለው አስቤአለሁ።

የምድሪቱ ጥንታዊነት በድንጋይ የተመሰከረ ነው። በስድስተኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ በአዱሊስ ወደብ አጠገብ ከቆመ የድንጋይ ዙፋን ላይ ገልብጦ ያቆየልን ጽሑፍ፣ ስሙ ያልተገለጸ አንድ የአክሱም ንጉሥ ያስገበራቸውን ሕዝቦች ሲቈጥር፣ ከወንዝ ማዶ በረዶ በሸፈናቸው ለመውጣት በሚያስቸግሩ ተራሮች ላይ የሚኖሩትን የሰሜንን ሰዎች ያነሣል። ይኸው ኮስማስ የአክሱም ነጋዴዎች ሳሱ ወደምትባል የወርቅ አገር ወርደው ስለሚያደርጉት ግብይትም ጽፏል፤ ጨው፣ ብረትና የበሬ ሥጋ በአጥር ላይ አስቀምጠው ገለል ሲሉ፣ የአገሩ ሰዎች መጥተው ከወደዱት ዕቃ አጠገብ ወርቃቸውን ያኖራሉ፤ ባለ ዕቃው ወርቁ በቂ መስሎ ከታየው አንሥቶ ይሄዳል፣ ካነሰው እስኪጨመርለት ይጠብቃል። ሁለቱ ወገኖች በቃል መነጋገር ባይችሉም፣ አይቶ የመተው ነፃነት ለሁለቱም ተጠብቆላቸው ነበርና፣ የኋለኛው ቅምሻ መሠረት በዚያ የዝምታ ገበያ ውስጥ አስቀድሞ ተጥሎ እናገኘዋለን።

ጎንደር መናገሻ ከሆነች በኋላ የሊማሊሞ መንገድ ከአድዋና ከምጽዋ ለሚመጣው ንግድ ሁሉ ዋነኛ በር ሆነ። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. በዚሁ አቀበት ወደ ጎንደር ሲወጣ የመንገዱን ጭንቅና በተራራው ላይ ቀረጥ የሚቀበሉትን ሰዎች በመጽሐፉ አትቷል፤ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔልም እ.ኤ.አ. በ1832 ሰሜንን አቋርጦ ጎንደር ገብቷል። በዚያ ጎዳና ከአፋር ምድር የተቈረጠው አሞሌ ጨው በአጋሠሥ ጀርባ ይወጣል፤ ከቆላው ማርና ጥጥ ሲመጣ ከደጋው ገብስ፣ ቅቤና በግ ይወርዳል። ገንዘቡ ራሱ እንኳ ሳይፈተን አይታለፍም ነበር። አሞሌውን እንዳልተሸረፈና እርጥበት እንዳልበላው መርምረው ይቀበሉት ነበር፤ ጠገራ የምንለው የማሪያ ቴሬዛ ብርም ንግሥቲቱ ከሞተችበት ከ1780 እ.ኤ.አ. በኋላ ሁልጊዜ በዚያው ዓመት መልክ ሲመታ የኖረው፣ ሕዝቡ የለመደው መልክ ጥቂት ቢለወጥ አልቀበልም ስለሚል ነው። ባላገሩ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ የተደረደሩትን ዘጠኝ ፈርጦች በጥፍሩ እየዳሰሰ ይቈጥር ነበር፤ ፈርጡ ከጐደለ ወይም ከደበዘዘ፣ ሃያ ስምንት ግራም ያህል የሚመዝነው ብር ሙሉ ቢሆንም ለባለቤቱ ይመልስለት ነበር።

ገንዘቡ እንዲህ ከተፈተነ ዕቃው የባሰ እንደሚፈተን ግልጽ ነው። ገብስ ገዢ ከእንቅቡ እፍኝ ዘግኖ ገለባውን እፍ ይልና ንቀዝ እንዳለበት ያሸታል፤ ከዚያ አንዲቱን ፍሬ በፊት ጥርሱ ይነክሳታል፤ የደረቀችው ቀጭ ብላ ትሰበራለች፣ እርጥብ የሆነችው ግን ከጥርሱ ሥር ትጨፈለቃለች፤ እርጥቧ በቁና ስትሰፈር ብትሞላም በጎታ ውስጥ እንደምትሻግት ያውቃልና ዋጋዋን ይቀንሳል። ቅቤ ገዢዋ በስንደዶ ጫፍ ከቅሉ ውስጥ ቆንጥራ በእጇ ጀርባ ላይ ታሸዋለች፤ አሽትታ ከምላሷ ካደረሰችው በኋላ ለጋ መሆኑንና አለመሆኑን ትፈርዳለች። ማር የሚገዛው እንጨቱን ከማሩ ነክሮ ወደ ላይ ያነሣና ክሩ ሳይበጠስ ምን ያህል እንደሚወርድ ያያል፤ ጌሾ የሚሻው በመዳፉ አሽቶ መዓዛውን ይስባል። በወገራና በሰሜን ብዙ ዘመን የኖሩት የቤተ እስራኤል ሴቶች የሠሩትን ጋን ወይም ማድጋ የሚገዛም ሰው በጣቱ መገጣጠሚያ አንኳኵቶ ጆሮውን ይሰጥ ነበር፤ ድምፁ ጥርት ካለ እሳቱን በደንብ ጠጥቷል፣ ከደነገዘ ግን በዐይን የማይታይ ስንጥቅ አለበት። በእነዚህ ፈተናዎች ሁሉ ሻጩ አይቈጣም፣ ዋጋም አይጠይቅም፤ እንዲያውም አትቅመስ የሚል ሻጭ ዕቃውን በገዛ አፉ ያረከሰ ያህል ይቈጠራል።

ቅምሻ በመኳንንቱ አዳራሽ ደግሞ ሌላ ክብር ነበረው። የጠጅ አሳላፊው ብርሌውን ለጌታው ከማቅረቡ በፊት ጥቂት በመዳፉ አንቆርቁሮ በፊቱ ይጠጣል፤ ይህም መጠጡ መርዝ የሌለበት ለመሆኑ በነፍሱ የሚሰጠው ዋስትና ነው። ከዚህ እንደምንረዳው የቅምሻ ባሕርይ በሁለት ወገን የቆመ ነው፤ በገበያ ተቀባዩ ቀምሶ ይፈርዳል፣ በአዳራሽ ሰጪው ቀምሶ ይመሰክራል፤ በሁለቱም ግን የሚቀመሰው በኋላ ከሚጠጣው ከዚያው ዕቃ የተቀዳ ካልሆነ ሥርዐቱ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በደብር ትምህርት ቤት ዳዊት የደገመ ሰው ሁሉ፣ መዝሙረኛው የፈጣሪን ቸርነት እንኳ ቀምሶ ስለማወቅ መናገሩን ያስታውሳል፤ ሊቃውንቱም ከዚያ ቃል ተነሥተው፣ እውነት ራሷን ለፈተና ከመስጠት እንደማታፍር ሲያስተምሩ ኖረዋል።

ከዕቃው ሁሉ ይልቅ ፈተናው የሚረዝመው በበቅሎ ላይ ነበር። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት አጎቴ ፈረስ ነው አለች እንደሚባለው፣ ይህች እንስሳ ጉድለቷን በመልኳ የመሸሸግ ጸጋ ተሰጥቷታልና፣ ሊማሊሞን ለመውረድ የሚያስብ ነጋዴ ጥርሷን አይቶ፣ ሰኮናዋን አንሥቶ፣ ኮርቻውን አስወርዶ ከጀርባዋ ገጣባ እንዳለ ዳስሶ አይበቃውም፤ ጭኖ ዳገት ያስወጣታል፣ ይልቁንም ቁልቁለት ይነዳታል፤ በሜዳ ስትሰግር ያማረች በቅሎ በገደል አፋፍ ላይ ስትርበተበት የሰውም የዕቃም ጥፋት ታመጣለችና። ሻጩም ይህን ፈቅዶ፣ የስርቆሽ አለመሆኗን የሚመሰክር ዋስ ይጠራል። ዛሬም ደባርቅ ከከተመው ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ተነሥተው ወደ ተራራው ለሚዘልቁ ጎብኚዎች በቅሎ ይከራያልና፣ ይህ የመፈተን ጥበብ በአካባቢው ፈጽሞ አልጠፋም።

ሕጋችንም ልማዱን ሳይዘነጋ አጽንቶታል። ፍትሐ ነገሥት ስለ ሽያጭ በሚናገርበት አንቀጽ የተሸሸገ ነውር ያለበትን ዕቃ ነገር አይዘልለውም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጩ ዕቃው ከጉድለት የጠራ መሆኑን ዋስ እንዲሆን፣ ገዢውም እንደተቻለ ፈጥኖ ዕቃውን እንዲመረምር አዟል። ከሕጉ ቀድሞ ግን ገበያው ራሱ ሁለት ወሰን ሠርቶ ነበር፤ ከስምምነቱ በፊት ቅምሻ፣ ከስምምነቱ በኋላ ምርቃት። ምርቃቱ ቁናው ከሞላ ወዲያ ሻጩ በእጁ ዘግኖ የሚጨምረው የወዳጅነት ስጦታ ሲሆን፣ ቅምሻው ገና ወዳጅነት ሳይኖር የሚሰጥ በመሆኑ ከምርቃቱ የበለጠ ድፍረትና ቅንነት ይጠይቃል።

በጠላት ወረራ ዘመን ጣሊያኖች በሊማሊሞ ገደል የመኪና መንገድ ከቈረጡ ወዲህ የሲራራው ደወል እየራቀ ሄደ፤ በእንቅብ የሚወጣው እህል በጆንያ ተቋጥሮ በካሚዮን መጫን ጀመረ። በዚህን ጊዜ ቅምሻው አዲስ ፈተና ገጠመው፤ በጆንያው አፍ ላይ የጸዳ እህል አኑሮ እንክርዳዱን ከሥር የሚደብቅ ሰው ተገኘና፣ ነጋዴዎቹ ደግሞ ጫፉ የሾለ ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት አበጅተው የጆንያውን ሆድ እየወጉ ከመካከሉ ማውጣት ጀመሩ። ብረቱ ሲመዘዝ በቦዩ ውስጥ የሚገኘው እፍኝ የማይሞላ ፍሬ፣ በአፉ ላይ ከሚታየው ይልቅ የጠቅላላው እህል እውነተኛ ምስክር ሆነ። ይህ በእኔ ግምት በቅምሻ ታሪክ ውስጥ ትልቁ እርምጃ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄው ቀመስህ ወይ መሆኑ ቀርቶ ከየት ቀመስህ ሆኗልና።

ይህ ሁሉ ስለ እህልና ስለ ቅቤ ብቻ የተነገረ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ ጨዋታም ቀምሰው የሚገቡበት ነገር መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ገበጣ በአገራችን እጅግ የቆየ ነው፤ በመጠራና በየሃ የተገኙት ጥንታውያን ቅርሶች ጨዋታው በአክሱም ዘመን ለመኖሩ ምስክር ሆነው ይጠቀሳሉ፤ የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክኸርስትም እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት ልዩ ልዩ ዐይነቶቹን በስፋት ሰብስበዋል። እረኛው በመሬት ላይ ጉድጓድ ቈፍሮ ጠጠር ያድላል፤ ከቤት ወደ ቤት ይዘራል፣ ያጭዳል፣ ያከማቻል፤ ላም ወለደች የሚባል ዐይነት መኖሩም ጨዋታው ከጎታና ከበረት አስተዳደር ጋር ምን ያህል እንደ ተዛመደ ያሳያል። ጀማሪም ሲመጣ ታላቁ የመጀመሪያውን ዙር ለመልመጃ ይተውለታል፤ በዚያ ዙር የተሸነፈ አልተሸነፈም፣ ያሸነፈም አይፎክርም።

ዛሬ የዳባትና የደባርቅ ወጣት ገበጣውን በስልኩ ውስጥ ሊያገኘው ይችላል፤ አዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ የተባለ ጨዋታ ሠሪ ኩኩሉ ከተባለው ጨዋታው በኋላ ገበጣን ለስልክ አዘጋጅቶታልና። በሰፊው ዓለምም በ2008 ዓ.ም. እንደ ወጣው እንደ ስታርዲው ቫሊ ያሉ፣ እርሻን ወይም ሱቅን በዝግታ የማስተዳደር ጸጥተኛ ጨዋታዎች ብዙ ወዳጅ አፍርተዋል፤ እንዲህ ያሉትን ጨዋታዎች ከሚሠሩትም አንዳንዶቹ ጨዋታው ከመሸጡ በፊት ከፊሉን በነፃ ያስቀምሳሉ። ዱም የተባለው ጨዋታ በ1986 ዓ.ም. ሲወጣ ከሦስቱ ክፍሎች የመጀመሪያው ለሁሉ በነፃ ተሰጥቶ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ስቲም የተባለው መደብር በዓመት ሦስት ጊዜ ያህል፣ ገና ያልወጡ ጨዋታዎች ብቻ የሚቀመሱበት የአንድ ሳምንት በዓል ያደርጋል። ብልሃቱ አዲስ ቢመስልም ሥርዐቱ የሊማሊሞ መንገደኞች የሚያውቁት ያው ሥርዐት ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን የአስተዳደር ጨዋታ በነፃ የሚቀምስ ሰው ምን ሊጠብቅ ይገባዋል ቢባል፣ መልሱን ከአባቶቻችን ገበያ መውሰድ ይቻላል። አስቀድሞ የሚሰጠው ቅምሻ ባብዛኛው ከጆንያው አፍ የተዘገነ መሆኑን ይወቅ፤ የመጀመሪያው ሰዓት፣ ሕጉን የሚያስተምረውና ሱቁን የሚያስከፍተው፣ ሠሪው ከሁሉ አብልጦ የደከመበት ነውና። ስለዚህ ፍርዱን በዚያ ላይ አያቁም፤ ያንኑ ሥራ፣ መዝራቱን፣ ማከማቸቱንና መሸጡን፣ አዲስነቱ ካለፈ በኋላ ደጋግሞ ይሥራና ልቡ አሁንም ወዶት እንደሆነ ይመርምር፤ የእነዚህ ጨዋታዎች ሆዳቸው ድግግሞሹ ነው። የተቈለፈ በር ቢያይ እንደ ተንኰል አይቍጠረው፤ ቅምሻ ማዕድ አይደለምና። የደከመበት ክምችት ወደ ሙሉው ጨዋታ ላይሻገርለት እንደሚችል፣ ዛሬ የቀመሰውም ከመሸጡ በፊት ሊለወጥ እንደሚችል ይረዳ። መሣሪያው ጭነቱን የሚችል መሆኑንም በዚሁ አጋጣሚ ይፈትን፤ ከከፈለ በኋላ ከሚያውቀው አሁን ቢያውቀው ይሻለዋል።

ከዚህ በላይ ደግሞ ስለ ቀማሹ ዕዳ ይናገሩ የነበሩት የገበያ ሰዎች ቃል አይረሳ። ቀምሶ አልገዛም ያለ ሰው በደባርቅ ገበያ ነውረኛ ተብሎ አያውቅም፤ የሚነቀፈው ወዶት ሳለ ዋጋ ለማስወረድ ብሎ አፉን ያጣመመ ነው። ሰጪው ከሚሸጠው ከዚያው ዕቃ እንዲያቀምስ ግዴታ እንዳለበት ሁሉ፣ ቀማሹም የቀመሰውን በእውነት የመመስከር ግዴታ አለበት፤ ለሠሪውም ለሚከተለው ገዢም ያገኘውን ጣዕም ሳይጨምርና ሳይቀንስ ሊናገር ይገባዋል። ይህ የሁለት ወገን ቅንነት እስካለ ድረስ፣ ሸቀጡ ከበቅሎ ጀርባ ወርዶ በስልክ መስተዋት ውስጥ ቢገባም፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ያለ ዳኛ መገበያየት ይችላሉ፤ ቅንነቱ በጐደለበት ገበያ ግን ቅምሻው ቢበዛም እምነት አይገኝም።