ከውኃው የሚጀምር ሕመም

አሰብ ገና የኢትዮጵያ ወደብ በነበረችበት ዘመን የወባ ተመራማሪዎች አንዲት ትንሽ ዓሣ በከተማዋ ጉድጓዶች፣ ማጠራቀሚያዎችና በርሜሎች ውስጥ ለቀቁ። ሳይንሳዊ ስሟ ያኔ አፋኒየስ ዲስፓር ይባል ነበር። ቁመቷ ከጣት አይበልጥም፤ የትንኝ እጭ እየለቀመች ትበላለች። ጥናቱ በ1992 ታትሞ ሲወጣ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አገር በቀሏ ዓሣ እጩን እንደቀነሰችና ነዋሪውም እንደተቀበላት ተመዘገበ። ወባውን ለሐኪሞች ልተወው፤ እኔን የሚስበኝ በርሜሉ ነው። በርሜል ውስጥ የምትኖር ዓሣ አኳሪየም ውስጥ ናት። ወንዝ ውስጥ ብትሆን ውኃው ሲከፋባት ትሸሽ ነበር፤ በርሜል ውስጥ ግን መሸሻ የላትም። ስለ ዓሣ በሽታ የሰው ልጅ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ያካበተው እውቀት ተጨምቆ ሲታይ የሚለውም ይህንኑ ነው።

ዓሣን በዕቃ ውስጥ ማሳደግ የቆየ ነገር ነው። ቻይናውያን ወርቃማ ዓሣን ማዳቀል ከጀመሩ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። በመስታወት ገንዳ ማኖር ግን የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የለንደን ፋሽን ነው። በ1850 ኬሚስቱ ሮበርት ዋሪንግተን ሁለት ወርቃማ ዓሣዎችን ከውኃ ውስጥ ተክልና ከቀንድ አውጣ ጋር አንድ ገንዳ ውስጥ አኑሮ፣ አንዱ የሌላውን ጉድለት እየሞላ ሊኖሩ እንደሚችሉ ጻፈ። በ1853 የለንደን መካነ እንስሳት የመጀመሪያውን የሕዝብ አኳሪየም ከፈተ። ፋሽኑ በአንድ ጊዜ ተዛመተ፤ ዓሣዎቹም በገፍ ያልቁ ጀመር። ሰዎቹ ያልገባቸው ነገር ዓሣ ከስንጥቡ የሚያስወጣው አሞኒያ መልሶ ዓሣውን እንደሚመርዘው ነበር። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ሕያዋን መሆናቸው የታወቀው በ1877 ነው፤ ያ እውቀት ከአፈር ምርምር ወጥቶ ዓሣ አሳዳጊው ቤት እስኪገባ ደግሞ ብዙ አሥርት ዓመታት ፈጀ።

በሽታ አምጪዎቹን ማየት የተቻለው ቀደም ብሎ ነው። አኳሪየም ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቀው የነጭ ነጥብ በሽታ ጥገኛ ተሕዋስ በ1876 በፈረንሳዊው ፉኬ ተገልጾ ስም አገኘ። ዓሣው ላይ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል፤ አካሉን ከድንጋይ ጋር ያፋትጋል፤ ክንፎቹን ያጥፋል። ተሕዋሱ ከቆዳው ሥር ተቀብሮ ሲጠግብ ይወድቅና ገንዳው ወለል ላይ ተከፋፍሎ በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆች ይለቃል። መድኃኒት የሚያገኘው እነዚህን በውኃው ውስጥ የሚዋኙትን ብቻ ነው። ነጥቡ ጠፋ ብሎ በሦስተኛው ቀን መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ሰው ሕመሙ በሳምንቱ ሲመለስበት ሻጩን ይረግማል፤ ጥፋቱ ግን የሻጩ አይደለም።

ሙኒክ ላይ ብሩኖ ሆፈር በ1904 ስለ ዓሣ በሽታዎች መመሪያ መጽሐፍ አሳተመ፤ የዘርፉ አባት የሚባለውም እሱ ነው። በ1922 አሜሪካዊው ዴቪስ ዛሬ ኮለምናሪስ የምንለውን የባክቴሪያ በሽታ ገለጸ። በ1926 አሮንሰን ፊላዴልፊያ አኳሪየም ውስጥ ከሞቱ ዓሦች የሳንባ ነቀርሳን ዘመድ አገኘ። ይህ ባክቴሪያ ገንዳ በሚያጸዳ እጅ ላይ ባለች ጭረት ገብቶ የማይድን የሚመስል ቁስል ያወጣል። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ቁስል ቁንጭር ተብሎ እንዳይታለፍ፣ ታካሚው ዓሣ እንደሚያሳድግ ለሐኪሙ ቢነግር ጥሩ ነው።

መድኃኒቱም ተከትሎ መጣ፤ ማላካይት ግሪን፣ ፎርማሊን፣ መዳብ፣ ኋላም አንቲባዮቲክ። ማላካይት ግሪን ፈንገስንም ነጭ ነጥብንም ይገድላል፤ ሥጋ ውስጥ የሚቀረው ቅሪት ለሰው ጤና አስጊ ሆኖ በመገኘቱ ግን ለሚበላ ዓሣ በብዙ አገር ተከልክሏል። ይህ ሁሉ ሲሆን የምርምሩ ዓይን ጀርሙ ላይ እንደተተከለ ነበር። ያንን ዓይን ወደ ውኃው የመለሰው በ1974 ስታኒስላስ ስኒየሽኮ ነው። ዓሣው፣ በሽታ አምጪውና አካባቢው ሦስት ክበቦች ናቸው፤ በሽታ የሚነሣው ሦስቱ በተደራረቡበት ነው አለ። ጀርሙ ብዙ ጊዜ ገንዳው ውስጥ አስቀድሞ አለ፤ የሚጠብቀው ዓሣው እስኪደክም ነው።

እኛ አገር የዓሣ በሽታ ጥናት ለመስታወት ገንዳ ሳይሆን ለሐይቆች ሲባል የተጀመረ ነው። ሰበታ ያለው የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከልም ሆነ ዩኒቨርሲቲዎቹ በአብዛኛው የተከታተሉት ትሎችን ነው። ቆሮሶ ሲታረድ ልቡ አጠገብ ተጠቅልሎ የሚገኘው ኮንትራሲከም የሚባል ትል የዓሣ በል ወፎች ትል ነው፤ እንቁላሉ በኩሳቸው ወደ ውኃ ይገባል፤ በጥቃቅን የውኃ ነፍሳት በኩል ዓሣው ጋ ይደርሳል። ከዓሣው ሥጋ ውስጥ ቢጫ ፍሬ መስሎ የሚወጣው ክሊኖስቶመም ደግሞ ቀንድ አውጣ ሳያገኝ አያድግም። ጣና ላይ ትናንሾቹን የባርበስ ዝርያዎች ሆዳቸውን የሚነፋ ሊጉላ የተባለ የኮሶ ዘመድ ተገኝቷል። ለገንዳ ባለቤት እዚህ ውስጥ አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። ወፍ በሌለበት፣ ቀንድ አውጣም ከወንዝ ካልመጣበት ገንዳ ውስጥ እነዚህ ትሎች ዑደታቸውን መጨረስ አይችሉም። ከሐይቅ ተይዞ የመጣ ዓሣ ይዟቸው ሊገባ ይችላል፤ ለጎረቤቱ ግን አያስተላልፍም። ለዚህ መድኃኒት መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

አሁን አፋር ውስጥ ወዳለችው ወደ ዱብቲ ከተማ እንውረድ። ሙቀት መለኪያው ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ማንም አይገረምም፤ በአቅራቢያዋ አላሎበዳ ላይ ውኃ ከምድር እየፈላ ይወጣል፤ በ1990ዎቹ ዱብቲ አካባቢ የተቆፈሩት የእንፋሎት ጉድጓዶች ከ200 ዲግሪ በላይ ሙቀት አግኝተዋል። እዚህ የአውሮፓ መጽሐፍ ግማሹ ይገለበጣል። መጽሐፉ ለነጭ ነጥብ ውኃውን ወደ 30 ዲግሪ አሙቅ ይላል፤ ብዙዎቹ የተሕዋሱ ልጆች ከዚያ በላይ አይዘልቁምና። ዱብቲ ላይ ከሚያዝያ እስከ መስከረም ማሞቂያ መግዛት አያስፈልግም፤ ጥላ ሥር የተቀመጠ ገንዳ በራሱ እዚያ ይደርሳል። ነጭ ነጥብ የሚያሰጋው ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው፤ በተለይ ከአዲስ አበባ ሱቅ በፕላስቲክ ከረጢት አዲስ ዓሣ ሲመጣ።

ሙቀቱ የሚያስከፍለው ሌላ ነው። በ20 ዲግሪ አንድ ሊትር ውኃ 9 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል፤ በ35 ዲግሪ ወደ 7 ይወርዳል፤ ዓሣው ግን ሲሞቀው የሚፈልገው ኦክስጅን ይጨምራል። አሞኒያውም እንዲሁ ነው። ፒኤች 8 በሆነ ውኃ ውስጥ መርዛማው ክፍል በ20 ዲግሪ ከጠቅላላው ወደ 4 በመቶ፣ በ30 ዲግሪ ወደ 7 ተኩል በመቶ ነው። አሥር ዓሣ የሚችል የአዲስ አበባ ገንዳ ዱብቲ ሲመጣ አምስት ቢይዝ ይሻለዋል። ኮለምናሪስም የሙቀት ወዳጅ ነው። አፍና ክንፍ ላይ እንደ ነጭ ጥጥ ይታያል፤ በጀርባ ላይ ኮርቻ የመሰለ ግራጫ ምልክት ያወጣል፤ በሞቀ ውኃ ውስጥ በአንድ በሁለት ቀን ይገድላል። ብዙ ሰው ጥጡን አይቶ ፈንገስ ነው ብሎ የፈንገስ መድኃኒት ይጨምራል። ለነጭ ነጥብ የሚበጀው ማሞቅ ለዚህኛው ነዳጅ ነው፤ ስለዚህ ነጥብና ጥጥን መለየት የመጀመሪያው ሥራ ነው። ነጥቡ ክብና አሸዋ የሚያክል ነው፤ ጥጡ ጠርዝ የለውም።

ጠዋት በማለዳ ገንዳውን ማየት ከሁሉም ይበልጣል። ዓሣዎቹ ሁሉ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፍተው የሚተነፍሱ ከሆነ መድኃኒት ከመፈለግ በፊት አየር ፓምፑን መፈተሽ ነው። መብራት ሲጠፋ ፓምፑም ማጣሪያውም አብረው ይቆማሉ፤ ያኔ ውኃውን በጆግ እየቀዱ ከከፍታ መልሶ ማፍሰስ እንኳ ጥቂት ኦክስጅን ያስገባል። አንዱ ብቻ ተነጥሎ ጥግ ከያዘና ምግብ ከተወ ግን ሌላ ገንዳ ውስጥ ለይቶ ማከም ነው። ቅርፊቱ ተነሥቶ ሆዱ ያበጠ ዓሣ ውስጡ ፈሳሽ ሞልቷል፤ እውነቱን ለመናገር እዚያ ደረጃ ላይ የደረሰ ብዙም አይድን።

ከመድኃኒት ሁሉ ቀላሉ ጨው ነው፤ ጨውም የአፋር ነው። ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት የአሰብ ጨው ሲቋረጥ አገሪቱ ፊቷን ያዞረችው ወደ አፍዴራ ሐይቅ ነው፤ ሐይቁ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል። ሙቅ ምንጮቹ ወደ ሐይቁ በሚፈስሱበት ዳርቻ የትም ዓለም የማይገኙ ሁለት ዓሦች አሉ። አንዷ የ1928-29ኙን ጉዞ በመራው በባሮን ፍራንኬቲ ስም ተጠርታ በ1931 የተገለጸችው ዳናኪሊያ ፍራንኬቲ ናት። ሁለተኛዋን በ2001 አበበ ጌታሁንና ኬኔት ላዛራ ገልጸው በዓሣ ተመራማሪዋ በሜላኒ ስቲያስኒ ስም ሰየሟት፤ የአሰቧ በርሜል ዓሣ ዘመድ ናት። የጨው ማምረቻው ከእነሱ መኖሪያ ጎን ነው። ለገንዳ በሽታ በሊትር ከ1 እስከ 3 ግራም ጨው፣ ለቀናት፣ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ናይትራይት የመረዘውን ዓሣም ያግዛል። ወንዝ ወለድ ተክሎችን ግን ሊያደርቅ ይችላል፤ አምባዛን የመሰሉ ቅርፊት የሌላቸው ዓሦችም ብዙ ጨው አይወዱም። አዮዲን የገባበት የገበያ ጨው ዓሣ ይገድላል የሚባለው ወሬ ነው፤ በሊትር 3 ግራም ጨው ውስጥ ያለው አዮዲን ከሚሊግራም አንድ አምስተኛ እንኳ አይደርስም።

አንድ ምልክት ግን በመድኃኒት አይፈታም። እስከ ትናንት ማታ ደኅና የነበሩት ዓሦች ሁሉ፣ ትልቁም ትንሹም፣ ጠዋት አብረው ሞተው ከተገኙና ገላቸው ላይ ምንም ካልታየ፣ ነገሩ በሽታ አይደለም። ወይ ኦክስጅን ነው፤ ወይ መርዝ ነው። ዱብቲ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በእንግሊዙ ኩባንያ በሚቸል ኮትስ የተንዳሆ እርሻ የጥጥ አገር ሆና የኖረች ከተማ ናት፤ በኋላ እርሻውን መንግሥት ወረሰው፤ በመጨረሻም ሸንኮራ አገዳ ተከተለ። በኢትዮጵያ የጥጥ እርሻዎች ለዓመታት ሲረጭ የኖረው ኢንዶሰልፋን በ2011 በስቶክሆልም ስምምነት የተከለከለ ሲሆን፣ ዓሣን ለመግደል በሊትር ጥቂት ማይክሮግራም ይበቃዋል። ፀረ ተባይ የተቀዳበት ጀሪካን ቢታጠብም ባይታጠብም ለዓሣ ውኃ መቅጃ አይሆንም። የመስኖ ቦይ ውኃም ርጭት ባለበት ሰሞን አይቀዳም፤ የጉድጓድ ውኃ አድሮ ቀዝቅዞ ይሻላል።

የገንዳው ውኃ ሲቀየርም የሚደፋው ወደ ቦዩ መሆን የለበትም፤ የታመመ ወይም ያስቸገረ ዓሣም ወደ ወንዙ አይለቀቅም። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ ከዱብቲ በታች ወደ አፋምቦና ጋማሪ ሐይቆች ገብቶ አቤ ላይ ያበቃል። ከሱቅ የመጣ ጥገኛ ተሕዋስ እዚያ ከገባ የሚወስደው ባሕር የለም፤ እዚያው ይቀራል።