ቀይ ሆድ የጃፓን ኒውት

ቀይ ሆድ የጃፓን ኒውት፣ በአገሩ ስም አካሃራ ኢሞሪ፣ ከሳላማንደር ወገን የሆነ፣ በገንዳ ውስጥ እንደ ለማዳ እንስሳ የሚያዝ ባለ ጅራት አምፊቢያን ነው። የተፈጥሮ መኖሪያው የሆንሹ፣ የሺኮኩና የኪዩሹ ደሴቶች የሩዝ ማሳዎች፣ ኩሬዎችና ዝግ ያሉ ጅረቶች ናቸው። ኢትዮጵያን ጨምሮ ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ሳላማንደር በተፈጥሮ አይገኝም።

ጀርባው ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ሆዱ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ደማቅ ቀይ ነው። ቀለሙ ለጠላት ማስጠንቀቂያ ነው፤ ቆዳው ቴትሮዶቶክሲን የተባለ ብርቱ መርዝ ስላለው የነካው ሰው እጁን መታጠብ አለበት። የተቆረጠ እግሩንና የዓይኑን ሌንስ መልሶ ማብቀሉ ለሳይንስ ተፈላጊ አድርጎታል፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ኮሎምቢያ በተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ተጉዞ በህዋ ላይ እንቁላል ጥሏል።

ለጥንድ ኒውት 40 ሊትር ገደማ የሚይዝ የመስታወት ገንዳ ይበቃል። ውሃው ክሎሪን የሌለበትና ፍሰቱ ለዘብ ያለ ይሁን፤ የሚያርፍበት ድንጋይም ያስፈልገዋል። መስታወት ላይ ስለሚወጣ ክዳኑ ክፍተት ሊኖረው አይገባም። ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ሙቀት ነው፦ ከ16 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይስማማዋል፤ ውሃው ከዚያ እጅግ ሲሞቅ መብላት ሊያቆምና ሊታመም ይችላል።

ምግቡ የምድር ትል፣ ዳፍኒያ የተባለ ጥቃቅን የውሃ እንስሳና የትንኝ እጭ ነው። ጎልማሳውን በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ መመገብ በቂ ሲሆን ትራፊው ውሃውን እንዳይበክል ቶሎ ይወጣል። በጥሩ አያያዝ ከ20 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል።

ዩናይትድ ስቴትስ ሳላማንደሮችን የሚገድል የቆዳ ፈንገስ እንዳይገባባት እ.ኤ.አ. በ2016 የዚህን ወገን ኒውቶች ወደ አገር ማስገባት ከልክላለች።