ዝምተኛው ሳይነስ
ሳይለንት ሳይነስ ሲንድረም በጉንጭ በኩል በላይኛው መንጋጋ አጥንት ውስጥ ያለው የአየር ክፍተት (ሳይነስ) ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድበት፣ እምብዛም የማያጋጥም ሕመም ነው። ስያሜው የወጣው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። ዝምተኛ መባሉ ብዙውን ጊዜ ሕዝቡ «ሳይነስ አለብኝ» ሲል የሚያማርረው የፊት ሕመምና የአፍንጫ መታፈን ስለሌለው ነው፤ ታማሚው የሚደነግጠው አንዱ ዓይኑ ጎድጉዶና ዝቅ ብሎ በመስታወት ሲያየው ነው። ስለዚህም ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ዓይን ሐኪም ነው።

መነሻው ክፍተቱን ከአፍንጫ የሚያገናኘው ቀዳዳ መደፈን ነው። በውስጡ የቀረው አየር በሽፋኑ ሲመጠጥ ግፊቱ ይቀንሳል፤ የክፍተቱ ጣሪያ፣ ማለትም የዓይን ጉድጓዱ ወለል፣ ወደ ታች ይሳባል።

ሲቲ ስካን ይህን በግልጽ ያሳያል። ሕክምናው በአፍንጫ በኩል በኢንዶስኮፕ ቀዳዳውን መክፈት ነው። ከዚያ በኋላ ዓይኑ በወራት ውስጥ በራሱ ሊሻሻል ስለሚችል፣ ወለሉን ለመጠገን አለመቸኮል ይሻላል።