የ‹‹ኦሮማይ›› ሰብሳቢዎች

የ‹‹ኦሮማይ››ን የመጀመሪያ እትም በመሰብሰብ መንግሥትን የቀደመ የለም። እንደሱ የተጋ ሰብሳቢም እስከዛሬ አላየንም። የበዓሉ ግርማ ልቦለድ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ገበያ ላይ በዋለ በጥቂት ቀናት ውስጥ ታገደ፤ ከየመደብሩም እየተለቀመ ተወሰደ። ስለዚህ ዛሬ አንድ የመጽሐፍ ወዳጅ ‹‹የኦሮማይ አንደኛ እትም አለኝ፤ ያውም የደራሲው ፊርማ ያለበት›› ሲለን ጉራ ነው ብለን አናልፈውም። የመንግሥት እጅ ያልደረሰበት ቅጂ እኔ ቤት አለ እያለን ነው።

በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው ይሄ ሁሉ ድካም ላይገባው ይችላል። ‹‹ኦሮማይ›› ከደርግ ውድቀት በኋላ ደጋግሞ ታትሟል። ታሪኩ ያው፣ ፀጋዬ ኃይለማርያምም ያው፣ ፊያሜታም ያቺው። ታዲያ ወረቀቱ የወየበ፣ ጥራዙ የላላ አሮጌ መጽሐፍ ፍለጋ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ጋር መጨቃጨቅ ምን ይባላል? ትርፍ ገንዘብ ያለው ሰው የሚጫወተው ጨዋታ ነው? አንዳንዴ አዎ፣ ነው። የበዓሉን ጉዳይ ግን እንዲያ ብለን ብቻ ማለፍ አንችልም።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። በ1974 ዓ.ም. ደርግ በኤርትራ የነበረውን ጦርነት ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ እቋጨዋለሁ ብሎ የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻን አወጀ። የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን የነበረው በዓሉም በፕሮፓጋንዳው ሥራ አስመራ ዘመተ። ዘመቻው የታሰበለትን ድል አላመጣም። በዓሉ ግን ልቦለድ ይዞ ተመለሰ። ለርዕስ የመረጠው ቃል አስመሬዎች ከጣሊያንኛ ወስደው የራሳቸው ያደረጉት ሲሆን፣ አበቃ፣ አከተመ እንደማለት ነው። ድል ሊዘፈንለት ለተዘጋጀ ዘመቻ ‹‹አበቃለት›› የሚል ርዕስ!

አስገራሚው ነገር መጽሐፉ የታተመው በድብቅ አለመሆኑ ነው። ኩራዝ የመንግሥት ድርጅት ነበር። መንግሥት በአንድ እጁ አሳትሞ በሌላ እጁ ሰበሰበው ማለት ነው። የታገደ ልቦለድ ለአገራችን አዲስ ነገር አልነበረም፤ በንጉሡ ዘመን የአቤ ጉበኛ ‹‹አልወለድም››ም ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶበታል። በበዓሉ ላይ የደረሰው ግን በመጽሐፉ መታገድ አላበቃም። መጀመሪያ ከሥራው ተባረረ። ከዚያ በየካቲት 1976 ዓ.ም. አንድ ምሽት ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ቮልስዋገን መኪናው በደብረ ዘይት መንገድ፣ ቃሊቲ አካባቢ ቆማ ተገኘች። እሱ አልተገኘም። መቃብሩ የት እንደሆነ እስከዛሬ አይታወቅም።

የፊርማው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። መቃብር የሌለው ሰው እጁ ያረፈበት ነገር ሁሉ እንደ ሐውልት ይቆጠርለታል። ሰው በሞተበት ቀን ተዝካር ይወጣል፣ በመቃብሩ ላይ አበባ ይቀመጣል። ለበዓሉ ቤተሰቦችና አንባቢዎች ይሄም አልተፈቀደም። መጽሐፍ ከፍቶ የገዛ እጁ የጻፈውን ስም ማየት ታዲያ እንዴት ተራ ነገር ይሆናል?

ነገሩን በታሪክ ዓይንም እንየው። በበዓሉ እጅ የተፈረመበት ‹‹ኦሮማይ›› ካለ፣ የተፈረመው መጽሐፉ ከወጣበት ከ1975 ጀምሮ ደራሲው እስከጠፋበት እስከ የካቲት 1976 ባለው ጊዜ ውስጥ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት መጽሐፉ አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ፈራሚው የለም። ‹‹ከአድማስ ባሻገር››ን ብትወስዱ ልዩነቱ ይታያችኋል። እሱ በ1962 ዓ.ም. ስለወጣ ደራሲው ሊፈርምበት የሚችልባቸው ከአሥራ ሦስት ዓመታት በላይ ነበሩት። በ‹‹ኦሮማይ›› ላይ ደግሞ ‹‹ለእገሌ›› ተብሎ የተቀባዩ ስም ከሰፈረ፣ ያ ሰው የታገደ መጽሐፍ፣ ያውም ስሙ የተጻፈበትን፣ ቤቱ አስቀምጦ በደርግ ዘመን ኖሯል ማለት ነው። አንዲት ገጽ የሁለት ሰዎችን ድፍረት ትመሰክራለች።

የመጀመሪያ እትም ፊርማ ባይኖረውም ዋጋ አለው። በዓሉ ‹‹የህሊና ደወል››ን በ1966 ዓ.ም. ካሳተመ በኋላ አልረካበትም። እንደገና ሠርቶት፣ አስፍቶት ‹‹ሐዲስ›› በሚል ርዕስ በ1975 አወጣው። ‹‹ሐዲስ››ን ብቻ ያነበበ ሰው የበሰለውን በዓሉን እንጂ እየተፈተነ ያለውን በዓሉን አላገኘውም። ደራሲው ምን ሰረዘ? ምን ጨመረ? ከአብዮቱ በፊት የጻፈውን ከአብዮቱ በኋላ ለምን ለወጠው? ለዚህ መልስ የሚሰጡት ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት አሮጌ መጽሐፎች ናቸው። አንደኛው ከጠፋ ጥያቄውም አብሮ ይጠፋል።

እንግዲህ ወደ ሰብሳቢዎቹ እንመለስ። እኛ በሁለት እንከፍላቸዋለን። የመጀመሪያው መንግሥት ነው፤ የሰበሰበው ማንም እንዳያነብ ነው። ሁለተኛው በዚያ ዘመን የነበረው አንባቢ ነው። አንድ ቅጂ እጁ ሲገባ በጋዜጣ ጠቅልሎ ለሚያምነው ጓደኛው ያውሳል፤ ጓደኛውም ለሌላው። በድብቅ ሲሸጥም ዋጋው ሽቅብ ወጣ። ያ አንባቢ የሰበሰበው ለማስነበብ ነበር። ‹‹ኦሮማይ›› የተረፈው በቁም ሣጥን ብቻ አይደለም። የተረፈው በውሰት ነው።

የዛሬው ሰብሳቢ ከሁለቱ የማንኛው ልጅ እንደሆነ ራሱን ቢጠይቅ ደግ ነው። በ2017 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 2025) የ‹‹ኦሮማይ›› እንግሊዝኛ ትርጉም በውጭ አገር አሳታሚዎች ወጥቷል። የበዓሉ ስም በዓለም ሲታወቅ የአሮጌዎቹ መጽሐፎች ዋጋም አብሮ ቢወጣ አይገርመንም። ዋጋ ሲወጣ ደግሞ ሐሰተኛ ፊርማ ይከተላል። ስለዚህ ‹‹ኦሪጅናል ነው›› የሚላችሁን ሁሉ አትመኑ። ከሽፋኑ በስተጀርባ ያለውን የኅትመት ገጽ አንብቡ፤ ዓመቱን፣ አሳታሚውንና የእትሙን ቁጥር አስተያዩ። ፎቶ ኮፒ ተደርጎ የተጠረዘ እንዳይሆን ፊደሎቹን ልብ በሉ። መጽሐፉ ከማን ቤት እንደመጣ ጠይቁና በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ። ታሪክ የሌለው ፊርማ የቀለም ጭረት ነው።

ከተገኘ በኋላስ? ፊርማውን ፎቶ አንሱት። ባለቤቱ ከፈቀደ ለተመራማሪዎች አሳዩት፤ አንድ ቅጂ ምስል ስድስት ኪሎ ለሚገኘው ለኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ወይም ለብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ብትሰጡ መጽሐፉ ከእናንተ አይወሰድም። ንብረቱ የእናንተ ነው፤ ምስክርነቱ ግን የሁላችንም። ስንት ቅጂ እንደተረፈና ማን እንዳተረፈው ማወቅ የምንችለው የያዛችሁ ስትናገሩ ብቻ ነው።

በሳጥን ተቆልፎበት ማንም የማያየው ‹‹ኦሮማይ›› ላይ ፊርማ ኖረም አልኖረም፣ ለአንባቢ ከተለቀመው ‹‹ኦሮማይ›› በምንም አይለይም። በ1975 መጽሐፉን የወሰዱት ሰዎች የፈለጉትም ይሄንኑ ነበር፤ መጽሐፉ እንዲኖር፣ ግን እንዳይታይ። እኛ ደግሞ በተቃራኒው ብናደርገው ምን ይለናል?