የብር ሰሌዳው የሚናገረው
የዐፄ ቴዎድሮስ ሽጉጥና የቅርሶቻችን የጉዞ ታሪክ

ጥንታዊ የጦር መሣሪያ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምንጠይቀው ዕድሜውንና ዋጋውን ነው። የታሪክ ሰው ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ዕቃው ከማን እጅ ወጥቶ፣ በማን እጅ አልፎ፣ እንዴት አሁን ካለበት ደረሰ? ይህን ጥያቄ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ቴዎድሮስ ከላከችው ሽጉጥ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን በ1860 ጎንደር አጠገብ በሸፈቱ ሰዎች ቆስሎ ተማረከ። ማስለቀቂያ ተከፍሎለት ቢፈታም በቁስሉ ሞተ። ንጉሠ ነገሥቱ ወዳጃቸው ስለ ነበር በሞቱ አዘኑ፤ ገዳዮቹንም ተበቀሉ። ተተኪው ቆንስል ቻርልስ ካሜሩን በ1862 ሲመጣ ከንግሥቲቱ የተላኩ ሽጉጦችን በስጦታ አቀረበ። ከእንግሊዝ ጦር ጋር የተጓዘው ጋዜጠኛ ሄንሪ ስታንሊ እንደ ዘገበው በሽጉጡ ላይ የብር ሰሌዳ ነበረ። በሰሌዳው የተቀረጸው ቃል ንግሥቲቱ ለአገልጋይዋ ለፕላውደን ስለ ተደረገው ደግነት ምስጋናዋን እንደምትገልጽ የሚናገር ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያው ዓመት ለንግሥቲቱ የወዳጅነት ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ለንደን ቢደርስም መልስ ሳያገኝ ቀረ። በዚህ የተቆጡት ንጉሠ ነገሥት በጥር 1864 ካሜሩንን በሰንሰለት አሰሩት። መልሱን የያዘው ሆርሙዝድ ራሳም የደረሰው በ1866 ነው፤ ነገሩ ግን አልበረደም፣ በመጨረሻም ራሳም ራሱ ታሰረ። ከዚያ በኋላ 13,000 ያህል ወታደር ያለው የጄኔራል ናፒየር ጦር ከቀይ ባሕር ዳር፣ ከዙላ ተነሥቶ ወደ መቅደላ ዘመተ። ሚያዝያ 10 ቀን 1868፣ በስቅለት ዕለት፣ በአሮጌ ውጊያ ሆነ። በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 13፣ እንግሊዞች አምባውን ሰብረው ሲገቡ ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን አልሰጡም። ከንግሥቲቱ በተሰጣቸው ሽጉጥ ሕይወታቸውን አሳለፉ። የምስጋና ምልክት ሆኖ የመጣው መሣሪያ በስድስት ዓመት ውስጥ የሞት መሣሪያ ሆነ።

ከዚያ የሆነው ዘረፋ ነው። የመቅደላ ንብረት በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ተወሰደ፤ በዚያም ለሁለት ቀን በሐራጅ ተሸጠ። ከገዢዎቹ አንዱ የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛ የነበረው ሪቻርድ ሆምስ ነበር። ዘውዱ፣ ጽዋው፣ የብራና መጻሕፍቱ በዚህ መንገድ ከሀገር ወጡ።

እዚህ ላይ የብር ነገር ትምህርት ይሰጠናል። በእንግሊዝ ሀገር በተሠራ አሮጌ ሽጉጥ የብር ጌጥ ላይ ብዙ ጊዜ ጥቃቅን ማኅተሞች ይገኛሉ። የአንበሳው ምስል የብሩን ጥራት፣ የነብሩ ራስ የለንደንን፣ መልሕቁ የበርሚንግሃምን መርማሪ ቤት፣ ፊደሉ ደግሞ ዓመቱን ያሳያል። በአፈሙዙም ላይ የፍተሻ ማኅተም አለ። እነዚህ ዕቃው የት፣ መቼ እንደ ተሠራ ይመሰክራሉ። ማን እንደ ያዘው ግን አይናገሩም። የተቀረጸ ስምም ቢሆን ብቻውን አያስተማምንም፤ ሻጭ ዋጋ ለማስወደድ ከዘመናት በኋላ ሊያስቀርጸው ይችላልና። እውነተኛው ማስረጃ የብር ምልክቱ፣ ደብዳቤው፣ የሽያጭ ሰነዱና የአይን ምስክሩ ሲስማሙ ነው።

ይህ ዓይነቱ የታሪክ ሰንሰለት ፍሬ አለው። በ1999 የተመሠረተው አፍሮሜት የመቅደላ ቅርሶችን ለማስመለስ ደክሟል። በ2002 ኤድንብራ ከሚገኝ ቤተ ክርስቲያን አንድ ታቦት ወደ ሀገሩ ተመለሰ። በ2019 ደግሞ ለንደን ያለው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም የዐፄ ቴዎድሮስን ጸጉር አስረክቧል። እነዚህ ሊመለሱ የቻሉት ከየት እንደ ተወሰዱ የሚታወቅ በመሆኑ ነው።

እኛም በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ስንኖር በየሳጥናችን ያኖርነው አለ፤ የአያት ጎራዴ፣ የእናት የብር መስቀል፣ የአባት ሜዳልያ። ልጆቻችን ብሩን ያያሉ፣ ታሪኩን ግን ካልነገርናቸው አያውቁትም። ስለዚህ የማን እንደ ነበረ፣ በማን በኩል እንደ ደረሰን፣ በየትኛው ዓመት ከሀገር እንደ ወጣ በአንድ ወረቀት ጽፈን ከዕቃው ጋር እናኑር። ታሪኩ የጠፋበት ብር የሚሸጠው በሚዛን ነውና።