ቤትሆቨን እንደገና ጀማሪ የሆነበት ጊዜ

እስቲ ለአፍታ ራሳችሁን በአንድ ወጣት ቦታ አስቀምጡ። ዕድሜያችሁ 22 ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። በትውልድ ከተማችሁ በፒያኖ የሚስተካከላችሁ የለም። የመጀመሪያ ድርሰታችሁ የታተመው ገና በልጅነታችሁ ነው። የከተማዋ ገዥ ወጪያችሁን ችለው በዘመኑ እጅግ ስመ ጥር ወደ ሆነው የሙዚቃ ደራሲ ልከዋችኋል። መምህሩ ጋ ስትደርሱ የሚሰጣችሁ የቤት ሥራ ግን የጀማሪ ነው፦ ጥቂት ረጃጅም ኖታዎች ባሉት ዜማ ላይ ሌላ ዜማ መጨመር። በቃ። ምን ይሰማችኋል?

ይህ የደረሰው በሉድቪግ ቫን ቤትሆቨን ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1792 ከጀርመኗ ቦን ተነስቶ ቪየና ገባ። መምህሩ ደግሞ የ60 ዓመቱ ዮሴፍ ሃይድን ነበር።

ሦስት ትውልድ ያስተማረ መጽሐፍ

ሃይድን ለተማሪው የሰጠው ልምምድ የራሱ ፈጠራ አልነበረም። ዮሐን ዮሴፍ ፉክስ የተባለ የቪየና ሙዚቀኛ እ.ኤ.አ. በ1725 በላቲን ካሳተመው መጽሐፍ የተወሰደ ነው። መጽሐፉ በመምህርና በደቀ መዝሙር መካከል በሚደረግ ጥያቄና መልስ የተጻፈ ሲሆን የሚያስተምረውም ኮንትራፑንክት የሚባለውን ጥበብ ነው። ኮንትራፑንክት ማለት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ዜማዎች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን ችለው፣ ግን ደግሞ ተስማምተው አብረው እንዲሄዱ አድርጎ መጻፍ ነው።

ሃይድን ራሱ በወጣትነቱ ድምፁ ጎርንኖ ከመዘምራን ቡድን ሲሰናበት፣ ያለ መደበኛ መምህር የተማረው ከዚሁ መጽሐፍ ነው። የሞዛርት አባትም አንድ ቅጂ ነበራቸው።

ትምህርቱ አምስት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያው፣ ለእያንዳንዱ ኖታ አንድ ኖታ ብቻ ትጽፋላችሁ። በሁለተኛው፣ ለአንዱ ሁለት። በሦስተኛው፣ ለአንዱ አራት። በአራተኛው፣ አንዱ ድምፅ ሳይለቅ ሌላው ይቀየርና ለአፍታ ይጋጫሉ፤ ከዚያም ግጭቱ ይፈታል። በአምስተኛው ሁሉም ይደባለቃል። በየደረጃው ደግሞ የማይጣሱ ሕጎች አሉ።

ለምን ይከለከላል?

አንዱን ሕግ አሁኑኑ መሞከር ትችላላችሁ። ስልካችሁ ላይ የፒያኖ መተግበሪያ ካለ ዶ እና ሶልን አንድ ላይ ንኩ፤ ቀጥሎ ሬ እና ላን። ደግማችሁ ደጋግማችሁ ስሙት። ፉክስ ይህን አካሄድ ይከለክላል። ለምን? አስቀያሚ ስለሆነ አይደለም።

ዶ ሁለት ጊዜ ሲርገበገብ ሶል ሦስት ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ይህ 3 ለ 2 የሆነ ቀላል ምጣኔ ሁለቱን ድምፆች በጣም ያዋህዳቸዋል። እንደተዋሃዱ ወደ አንድ አቅጣጫ አብረው ሲንቀሳቀሱ፣ ጆሯችን ሁለት ዜማ መስማቱን ትቶ አንድ ወፍራም ዜማ ይሰማል። አንዱ ድምፅ ነፃነቱን አጣ ማለት ነው። ሕጉ እንዲያው ለቁጥጥር የወጣ ሳይሆን ሁለቱም ዜማዎች በሕይወት እንዲቆዩ የሚጠብቅ ነው።

ቤትሆቨን ለሃይድን ከሠራቸው ልምምዶች ወደ 245 የሚሆኑት እስከ ዛሬ አሉ። የሃይድን እርማት የሚታይባቸው ግን 42 ብቻ ናቸው። ያልታረሙ ስሕተቶችም ሞልተዋል! ምናልባት ሃይድን ብዙውን በቃል ነግሮት ይሆናል፤ ወይም ደግሞ በራሱ ሥራ ተወጥሮ ነበር።

የከሸፈው ደብዳቤ

እ.ኤ.አ. በኅዳር 1793 ሃይድን ለቦኑ ገዥ ለማክሲሚሊያን ፍራንዝ ደብዳቤ ጻፈ። ተማሪው ወደፊት ከአውሮፓ ታላላቅ ሙዚቀኞች አንዱ እንደሚሆን ተናገረ፤ የገንዘብ ድጎማው እንዲጨመርለትም ጠየቀ። ለማስረጃ የቤትሆቨንን ድርሰቶች አያይዞ ላከ።

የመጣው መልስ ግን ቀዝቃዛ ነበር። ገዥው ከተላኩት ሥራዎች ከአንዱ በቀር ሌሎቹ ሁሉ ቤትሆቨን ወደ ቪየና ከመሄዱ በፊት እዚያው ቦን ውስጥ የተጻፉና የተሰሙ ናቸው አሉ። ታዲያ ምን ተማረ? ወደ ቤቱ ቢመለስ አይሻልም ወይ የሚል ሐሳብም አነሱ። ለቤትሆቨን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ የቪየና ቆይታው የተንጠለጠለው በእኚህ ሰው ገንዘብ ላይ ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። አዲስ መሆኑ የታመነለት ያ አንድ ሥራ ምን ነበር? ፉጋ ነው። ፉጋ ማለት አንድ ዜማ በአንዱ ድምፅ ተጀምሮ ሌሎቹ እየተከተሉ የሚቀባበሉት፣ የኮንትራፑንክት የመጨረሻ ፈተና ነው። ያ ሁሉ አሰልቺ ልምምድ ያፈራው ፍሬ ይኸው ነበር።

ቤትሆቨን ወደ ቦን አልተመለሰም። ሃይድን እ.ኤ.አ. በ1794 መጀመሪያ ወደ ለንደን ሲሄድ እሱ ትምህርቱን አላቋረጠም፤ ጥብቅ በሆነው ዮሐን ጆርጅ አልብሬክትስበርገር ዘንድ በሳምንት ሦስት ቀን መማር ቀጠለ። በዚያው ዓመት የፈረንሳይ ጦር ቦንን ያዘ፤ የቀድሞው ኑሮም አብሮ አበቃ። በ1795 ቤትሆቨን አንድ ብሎ ቁጥር የሰጣቸውን ሦስት ድርሰቶች ለፒያኖ፣ ለቫዮሊንና ለቼሎ አሳተመ።

“ምንም አልተማርኩም”?

ፈርዲናንድ ሪስ የተባለው የቤትሆቨን ተማሪ ኋላ እንደጻፈው፣ ሃይድን ቤትሆቨን በሥራዎቹ ሽፋን ላይ “የሃይድን ተማሪ” ብሎ እንዲጽፍ ይፈልግ ነበር። ቤትሆቨን ግን ትምህርት ቢወስድም ከእሱ ምንም አልተማርኩም ብሎ እምቢ አለ። ይሁንና በ1796 የወጡትን ሦስት የፒያኖ ሶናታዎች መታሰቢያነታቸውን ለሃይድን ሰጥቷል።

ቃሉን እንመን ወይስ ሥራውን? እ.ኤ.አ. በ1809 ቤትሆቨን መስፍን ሩዶልፍን ለማስተማር ሲዘጋጅ ከቆዩ የሙዚቃ መጻሕፍት እየመረጠ በእጁ ገለበጠ። ከገለበጣቸው መካከል አልብሬክትስበርገር አለ። ፉክስም አለ! ያቺ የወጣትነት የቤት ሥራ ተመልሳ መጣች፤ አሁን ግን እርማት የሚሰጠው እሱ ነው።

ከዚያም በ1818 ያጠናቀቀው ታላቁ የፒያኖ ሶናታ፣ “ሐመርክላቪር” የሚባለው፣ የሚደመደመው በሦስት ድምፅ ፉጋ ነው። ቤትሆቨን እዚያ ላይ በጣልያንኛ ማሳሰቢያ ጻፈ፤ መልእክቱም ፉጋው ከሕጉ አንዳንድ ቦታ ወጣ እንደሚል ነው። ይህን መጻፍ የሚችል ማነው? ሕጉን የማያውቅ ሰው ቢጥሰውም መጣሱን አያውቅም። ቤትሆቨን ግን የትኛውን ሕግ፣ የት ላይ፣ ለምን እንደተወ ያውቅ ነበር።

እናንተም ኮድ መጻፍ፣ ሥዕል መሳል ወይም ክራር መምታት ስትማሩ ልምምዱ ለጀማሪ ብቻ የተዘጋጀ መስሎ ከታያችሁ፣ እነዚያን 245 ልምምዶች አስታውሱ። የሠራቸው ሰው ጀማሪ አልነበረም።