ግርሻ፤ ስለማይለቅ ድካምና ስለ ዕለት እንቅስቃሴ አጭር ታሪካዊ ጥናት

ከበሽታ ተነሥቶ ገና ሳይጠና ወደ ሥራው የተመለሰ ሰው እንደ ገና ሲወድቅ በአማርኛ «አገረሸበት» ይባላል፤ ነገሩም ግርሻ ነው። በቅማል የሚተላለፈው፥ ለቆ የሚመለሰው ትኩሳትም በዚሁ ስም ይጠራል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ግን የፊተኛውን ነው፤ ይኸውም ሐኪሞች ሥር የሰደደ የድካም ሕመም የሚሉትንና በዚህ የተያዘ ሰው በየዕለቱ ምን ያህል ሊንቀሳቀስ እንደሚችል ነው።

የአዲስ አበባ ሰው ከሚያስታውሳቸው ወረርሽኞች ዋናው በ1911 ዓ. ም. የገባው የኅዳር በሽታ ነው። በከተማይቱ ከ10,000 ሰው በላይ መሞቱን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው ገልጸዋል፤ እርሳቸውም ያን ጊዜ አልጋ ወራሽ ሳሉ በጽኑ ታመው ድነዋል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ኅዳር ሲታጠን የሚታሰቡት ሙታን ናቸው። ይሁን እንጂ ይኸው ኢንፍሉዌንዛ በአውሮፓ ካለፈ በኋላ፥ ትኩሳቱ ለቋቸው ሳለ ጉልበታቸው ለብዙ ጊዜ ያልተመለሰ በሽተኞች መኖራቸውን የዚያ አገር ሐኪሞች ጽፈዋል።

ነገሩ በሰፊው ያከራከረው ግን በሎንዶን ነው። በ1955 እ. ኤ. አ. በሮያል ፍሪ ሆስፒታል 292 ሠራተኞች ባልታወቀ ሕመም ተያዙ፤ ሆስፒታሉም ለወራት ተዘጋ። በ1970 እ. ኤ. አ. ሁለት የአእምሮ ሐኪሞች ነገሩ የመንፈስ መረበሽ እንጂ የአካል በሽታ አይደለም ሲሉ ጻፉ። ከዚያም ወዲህ ብዙ ሐኪሞች በሽተኛው እንቅስቃሴውን በየጊዜው ጥቂት በጥቂት እየጨመረ እንዲሄድ ያዙ ነበር። ይሁን እንጂ በሁለት ተከታታይ ቀኖች በብስክሌት የተፈተኑ በሽተኞች በሁለተኛው ቀን ጉልበታቸው ከመጀመሪያው ቀን አንሶ ተገኘ። በ2015 እ. ኤ. አ. የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲቱት ከድካም በኋላ የሚመጣውን መባባስ የሕመሙ ዋና ምልክት አድርጎ አወጀ፤ በ2021 እ. ኤ. አ. የእንግሊዝ የጤና መመሪያ ያን የማያቋርጥ ጭማሪ ከሕክምናው አስወጣ። እንግዲህ ሳይንስ ረጅም መንገድ ዞሮ የደረሰበት ነገር ከግርሻ አሳብ የራቀ አይደለም።

ይህን ወደ ቂርቆስና ወደ ካዛንቺስ ስናመጣው የእንቅስቃሴው ዓይነት ይለወጣል። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣልያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሹማምንቶቻቸው ካሠሯቸው ቤቶች ነው፤ በ1953 ዓ. ም. ደግሞ የአፍሪካ አዳራሽ በአጠገቡ ተመረቀ። ከትልልቆቹ ሕንጻዎች ጀርባ በነበሩት መንደሮች ግን የዕለት እንቅስቃሴ ማለት ውኃ በጀሪካን መቅዳት፥ እንጀራ መጋገር፥ ልብስ ማጠብ፥ በወሩ 15 ቀን ቂርቆስን መሳለም ነበረ። አቅሙ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ሰው ጋግሮ ሳያበቃ ውኃ ቢቀዳ፥ ዋጋውን የሚከፍለው በማግስቱ ተኝቶ ነው። ትላንት ሲሠራ ያየው ሰው ዛሬ ተኝቶ ሲያገኘው ለገመ ይለዋል። የዚህ ሕመም ክፉ ጎን ይህ ነው፤ በሽተኛው ጉልበቱንም ስሙንም ያጣል።

በአንድ ግቢ የሚኖር ጎረቤት ግን ማግስቱን ያያል። ጀሪካኑን ያነሣለታል፥ ከምጣዱም አንድ እንጀራ ያካፍለዋል። በ2017 ዓ. ም. የካዛንቺስ አሮጌ መንደሮች ፈርሰው ብዙ ነዋሪዎች ወደ ከተማው ዳር ሲዛወሩ፥ ይህ በገንዘብ የማይገመት እርዳታ አብሮ ተበተነ። አዲሱ ቤት የተሻለ ቢሆን እንኳ፥ ደረጃውን መውጣት የደከመው ሰው የሚያውቀው ጎረቤት ገና አላፈራም።

ስለዚህ ሐኪምም ሆነ ቤተ ሰብ ድካሙ የማይለቀውን ሰው ሲጠይቅ፥ «ዛሬ ምን ሠራህ?» ብሎ ማቆም አይበቃውም። «በማግስቱስ እንዴት ዋልህ?» ብሎ መጨመር ይገባዋል። አባቶቻችን ግርሻን የፈሩት ማግስትን ስለሚያውቁ ነው።